ጉልበት ካልጠፋ ለምን እንከፍላለን?

ምልልስ፦ በሻኪሶ ከተማ፣ በአንዲት ባለሆቴልና በአንድ የፊዚክስ መምህር መካከል

ባለሆቴሏ፦ ልጄ ደብተሯ ላይ «ጉልበት አይፈጠርም፤ አይጠፋም» ብላ ጽፋ አየሁ። መምህር፣ አንተ ነህ ያስጻፍካቸው?

መምህሩ፦ እኔ ነኝ፣ እትዬ።

ባለሆቴሏ፦ እንግዲያው አንድ ነገር አስረዳኝ። ለምጣዱ እንጨት በሸክም እገዛለሁ፣ ለቆጣሪው እከፍላለሁ፣ መብራት ሲሄድ ለጄኔሬተር ቤንዚን አስቀዳለሁ። የማይጠፋ ነገር ከሆነ ትናንት የገዛሁት የት ገባ? ዛሬስ ስለምን ደግሜ እከፍላለሁ?

መምህሩ፦ ትናንት ከነደደው እንጨት የወጣው ጉልበት ቅንጣት አልጎደለም። ጥቂቱ ሊጡ ውስጥ ገብቶ ውሃውን አተነነ። የቀረው ግድግዳውን፣ ቆርቆሮውን፣ የጋገረችውን ልጅ ፊት አሞቀና ወደ ውጭ ወጣ። አሁንም አለ፤ ግን በሻኪሶ አየር ላይ ተበትኗል። ደንበኞችዎ የሚበዙት ወርቅ አጣቢዎች ናቸው፤ ይጠይቋቸው። በወንዙ አሸዋ ውስጥ ወርቅ መኖሩን የማያውቅ የለም። ነገር ግን በአሸዋው መሐል የተበተነው አንድ ግራምና ሚዛን ላይ የተቀመጠው አንድ ግራም ዋጋቸው ለየቅል ነው። ገዢው የሚከፍለው ለመሰብሰቡ ነው። እርስዎም ጉልበት ሲገዙ ዋጋ የሚከፍሉት ተሰብስቦ ስለተቀመጠ ነው።

ባለሆቴሏ፦ ወርቁማ ተበትኖም ይሰበሰባል። ከቆርቆሮዬ ላይ የሄደውን ሙቀት ለምን አትሰበስቡልኝም?

መምህሩ፦ ለመሰብሰብ የሚወጣው ጉልበት መጨረሻ ላይ ከሚገኘው ጠቃሚ ጉልበት ሁልጊዜ ይበልጣል። ፍሪጅዎን ይመልከቱ። ከውስጥ ያለውን ሙቀት እየለቀመ በጀርባው ያወጣል፤ ለዚህ ድካሙ ደግሞ ቆጣሪው ይቆጥርብዎታል። ምክንያቱን ሉድቪግ ቦልትስማን የተባለ ኦስትሪያዊ በ19ኛው መቶ ዘመን አሳይቷል። እጅግ ብዙ ጥቃቅን ነገሮች የሚበተኑበት መንገድ ስፍር ቁጥር የለውም፤ ተሰብስበው የሚገኙበት መንገድ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ተፈጥሮ በራሷ ስትተው ወደ መበተን ታደላለች።

ባለሆቴሏ፦ እንደሱ ከሆነ ዓለም እስከዛሬ ተበትና ማለቅ ነበረባት።

መምህሩ፦ ፀሐይ ባትኖር ኖሮ ምድራችን ያ ዕጣ በደረሳት። ምድር ከፀሐይ የምትቀበለውን ያህል ጉልበት መልሳ ወደ ጠፈር ትሰዳለች። መጠኑ እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ በዓይነቱ ላይ ነው። አንዲት የፀሐይ ብርሃን ቅንጣት ወደ ምድር ስትገባ ወደ 20 የሚጠጉ ደካማ የሙቀት ቅንጣቶች ይወጣሉ። የተሰበሰበው ይገባል፣ የተበተነው ይወጣል። ዛፉም፣ ከብቱም፣ እኛም የምንኖረው በዚያ ልዩነት ነው።

ባለሆቴሏ፦ ይሁን። በቅርቡ አንድ ልጅ መጥቶ በስልኩ ቪዲዮ አሳየኝ። ሞተሩ ጄኔሬተሩን ያዞራል፣ ጄኔሬተሩ መልሶ ሞተሩን ይመግባል፣ የተረፈው አምፖል ያበራል። ነዳጅ የለ፣ ቆጣሪ የለ። ቀብድ ስጪኝ አለኝ።

መምህሩ፦ ሰጡት?

ባለሆቴሏ፦ አልሰጠሁትም፤ ግን ልቤ ቀርቷል። ሰው ሊበር አይችልም ይባል እንደነበር አንተም ታውቃለህ። ዛሬ አይሆንም ያላችሁትን ነገ ሆነ ትሉ የለም?

መምህሩ፦ አውሮፕላን የጣሰው ሕግ የለም፤ ወፍ ድሮም ትበር ነበር። ይህ ማሽን ግን ሌላ ነው። ኤሚ ኖተር የተባለች ጀርመናዊት የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1918 ባሳተመችው ሥራ ጉልበት ለምን እንደማይፈጠር ከሥሩ አሳይታለች። የተፈጥሮ ሕግ ትናንትም ዛሬም ነገም አንድ ከሆነ የጉልበት ድምር ሊለወጥ አይችልም። ለምሳሌ ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ ውሃ የሚቀል ቢሆን ኖሮ፣ ማክሰኞ ወደ ኮረብታ ስበን ረቡዕ ስንለቀው ትርፍ እናገኝ ነበር። የሚቀልበት ቀን ስለሌለ ትርፉም የለም። ያ ልጅ ያሳየዎት ማሽን እንዲሠራ ከተፈለገ ሕጉ ከቀን ወደ ቀን መለዋወጥ አለበት። ለዚያ ማስረጃ ያመጣ ሰው ደግሞ በሻኪሶ ቀብድ አይሰበስብም፤ ዓለም ሁሉ ይፈልገዋል። ለልጅዎ የሚነግሯት ከሆነ ይህንንም ይጨምሩላት፦ ኖተር ሴት በመሆኗ በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት ያለ ደመወዝ ነው ያስተማረችው።

ባለሆቴሏ፦ እነግራታለሁ። አንስታይንስ ታዲያ? ቁስ ራሱ ጉልበት ነው አላለም? እዚህ አገር ወርቅ የምንነግደው በግራም ነው። በአንድ ግራም ውስጥ ስንት አለ?

መምህሩ፦ የወርቅ ይሁን የጤፍ ልዩነት የለውም፤ በ1 ግራም ውስጥ ያለው 25 ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ነው። በጉጂና በባሌ መካከል፣ በገናሌ ወንዝ ላይ ያለውን ገናሌ ዳዋ 3 ያውቁታል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ጣቢያ ነው፤ አቅሙ 254 ሜጋዋት። ዓመቱን ሙሉ ያለ እረፍት በሙሉ አቅሙ ቢያመነጭ የሚሰጠው ጉልበት ከ89 ግራም ቁስ ጋር እኩል ነው።

ባለሆቴሏ፦ 89 ግራም? በአንዲት ጨርቅ ተቋጥሮ ኪስ ውስጥ የሚገባ! ታዲያ ግድብ ምን ያደርጋል? እኔስ በጭስ ዓይኔን ለምን አጠፋለሁ? ይኸማ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

መምህሩ፦ ላሟ በእርግጥ አለች፤ የምትታለብበት በር ግን ጠባብ ነው። አንድን ቁስ ሙሉ በሙሉ ወደ ጉልበት ለመለወጥ ከፀረ ቁስ ጋር ማገናኘት ያስፈልጋል። ፀረ ቁስ ተቆፍሮ አይገኝም፤ በቤተ ሙከራ ሲሠራ ደግሞ የሚፈጀው ጉልበት ከሚሰጠው እጅግ ይበልጣል። ከዚያ በመለስ ያሉት መንገዶች ጥቂት ጥቂት ብቻ ነው የሚያወጡት። 1 ኪሎ ደረቅ እንጨት ነድዶ አመዱ፣ ጭሱና ትነቱ ሁሉ ተለቅሞ ቢመዘን ከእንጨቱና አብሮት ከነደደው አየር ክብደት የሚጎድለው ከአንድ ግራም ሚሊዮንኛው ላይ አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። ዩራኒየም ሲሰነጠቅ ከአንድ ሺህ እጅ አንዱ ያህል ወደ ጉልበት ይለወጣል። ሃይድሮጂን ተዋሕዶ ሂሊየም ሲሆን ከሺህ ሰባት ያህሉ። ፀሐይ የምትሠራው በዚህ በመጨረሻው ነው፤ በየሰከንዱ ከ4 ሚሊዮን ቶን በላይ ቁስ ወደ ብርሃን ትለውጣለች።

ባለሆቴሏ፦ እና እንጨቱን ያበቀለችው እሷ ናት።

መምህሩ፦ የገናሌንም ውሃ ከባሕር አትንና ደጋ ላይ ያወጣችው እሷ ናት። ስለዚህ እንጨትም ተቃጠለ፣ ግድብም ተገነባ፣ የሶላር ሳህንም ተሰቀለ፣ እርስዎ የሚጠቀሙት ፀሐይ ውስጥ ከጠፋው ክብደት የመጣ ነው። ይህ የአንስታይን ቀመር ለቦምብ ብቻ የተጻፈ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። እንጀራ የሚበላ ሁሉ ቀመሩን ሲበላ ነው የኖረው።

ባለሆቴሏ፦ ወርቁስ? እሱም ከፀሐይ ነው?

መምህሩ፦ አይደለም። ፀሐይ ወርቅ ለመሥራት አቅም የላትም። ቀላል ንጥረ ነገሮች ሲዋሐዱ ጉልበት ይሰጣሉ፤ ብረት ላይ ሲደረስ ግን ስጦታው ያበቃል። ከብረት በላይ ያሉትን ለመሥራት ጉልበት ይወጣባቸዋል እንጂ አይገኝባቸውም። ኦገስት 17 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ላይጎና ቨርጎ የተባሉት መሣሪያዎች ሁለት የኒውትሮን ኮከቦች ተላትመው የላኩትን የስበት ሞገድ መዘገቡ። ርቀቱ 130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ነበር። ቴሌስኮፖች ወደዚያ ሲዞሩ ከባድ ንጥረ ነገሮች መሠራታቸውን የሚያሳይ ብርሃን አዩ። በአዶላ ዙሪያ የሚታጠበው ወርቅም ምድር ከመፈጠሯ በፊት በዚያ ዓይነት መዓት ውስጥ ያለፈ ነው።

ባለሆቴሏ፦ ይህን ስትናገር ፊትህ ይበራል። እኔ ግን ግልጹን ልንገርህ፤ ኮከብ ተላተመ አልተላተመ የሻኪሶ ኑሮ አይለወጥም። ሕዝቡ አንስታይን ሳይወለድ ወርቅን ከድንጋይ ለይቶ ያውቃል። የእናንተ ፊዚክስ ባይመጣ ኖሮ ምን ይጎድልብን ነበር?

መምህሩ፦ ወርቅን ከድንጋይ የሚለዩት በምኑ ነው?

ባለሆቴሏ፦ በክብደቱና በቀለሙ ነዋ።

መምህሩ፦ ያ ቀለም የአንስታይን የአንጻራዊነት ሕግ ባይኖር አይኖርም ነበር። ወርቅ በእምብርቱ 79 ፕሮቶን አለው። ይህን ያህል ሲከማች ቅርብ ያለውን ኤሌክትሮን በኃይል ይስበዋል፤ ኤሌክትሮኑም ከብርሃን ፍጥነት 58 በመቶ ያህል ይሮጣል። አንስታይን እንዳለው እዚያ ፍጥነት ላይ የደረሰ ነገር ይከብዳል፤ በዚህ በ20 በመቶ ገደማ። ሲከብድ ምሕዋሩ ይጠብባል፣ የውጪዎቹም አብረው ይሸጋሸጋሉ። በዚህ ምክንያት ወርቅ ከብርሃን ሰማያዊውን ይውጣል፤ የቀረው ቢጫ ሆኖ ይታየናል። ብር 47 ፕሮቶን ብቻ ስላለው ይህ ነገር ይደክምበታል፤ ነጭ ሆኖ ቀረ። ሕጉ ባይኖር ወርቅና ብር በዓይን ባልተለዩ።

ባለሆቴሏ፦ ደስ ይላል። ግን እሱም ቢሆን ለዓይን ነው፤ ለምድጃ አይሆንም።

መምህሩ፦ ጓዳ ያስቀመጡት የመኪና ባትሪስ? መብራት ሲሄድ አምፖል የሚያበሩበት። እ.ኤ.አ. በ2011 የስዊድንና የፊንላንድ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ስሌት፣ የእርሳስ ባትሪ ከሚሰጠው 12 ቮልት ውስጥ 10 ያህሉ የሚመጣው ከዚሁ ከከባዱ አቶም ውስጥ ከሚሮጡት ኤሌክትሮኖች ነው። እርሳስ 82 ፕሮቶን አለው። አንጻራዊነት ባይኖር ባትሪዎ 2 ቮልት ይዞ ይቀር ነበር፤ ወደ ነገሌ የሚሄደው አይሱዙም ጠዋት አይነሳም።

ባለሆቴሏ፦ ይኸኛው ገባኝ። ግን ሌላም ከባድ ነገር አለ፤ ወርቅ የሚያሲዙበት ሜርኩሪ። እሱስ?

መምህሩ፦ እሱ 80 ነው፤ ከወርቅ ቀጥሎ። ብረታ ብረት ሆኖ ሳለ ውሃ መስሎ የሚፈስሰው በዚሁ ሕግ ነው። ይህ ባይሆን በምንኖርበት ሙቀት ጠጣር እንደሚሆን እ.ኤ.አ. በ2013 በስሌት ታይቷል።

ባለሆቴሏ፦ እንግዲህ እዚህ ላይ ልያዝህ። ሜርኩሪው ወርቁን ይይዝና በእሳት ይተናል። ያንን ጭስ የሚተነፍሰው ማን ነው? የኮከቡን ታሪክ የምትነግረኝ አንተ አይደለህም፤ ድንኳን ውስጥ የሚያነድደው ልጅ ነው። የለገደምቢን የወርቅ ማዕድንም አስብ። ሕዝቡ ከማዕድኑ በሚወጣ ኬሚካል ጤናችን ተጎዳ ብሎ ስንት ጮኸ! ግንቦት 2010 ዓ.ም. ፈቃዱ እስከመታገድ ደርሶ ነበር፤ በኋላ ሥራው ቀጠለ። ሳይንስ ወደዚህ አገር በመጣ ቁጥር ትርፉ ይወጣል፣ ዝቃጩ ይቀራል። ታዲያ ሳይንስን ውደዱ ስትሉን በምን አፋችሁ ነው?

መምህሩ፦ ውደዱት አልልም። እወቁት ነው የምለው። የሜርኩሪ ትነት ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፤ በሳንባ ገብቶ አንጎልንና ነርቭን ይጎዳል፣ በእርጉዝ ሴት ሆድ ያለውን ሕፃን ሳይቀር። ዝግ ቤት ውስጥ የሚያነድደው ልጅ ይህን ቢያውቅ ቢያንስ ደጅ ወጥቶ፣ ነፋሱን ከጀርባው አድርጎ ያነድደዋል፤ ትነቱን መልሶ የሚይዝ ዕቃም እንዳለ ይጠይቃል። አለማወቁ ከጭሱ አላዳነውም።

ባለሆቴሏ፦ አውቆም ከተራበ ያነድደዋል።

መምህሩ፦ ልክ ነው። ያንን በፊዚክስ አልመልስም።

ባለሆቴሏ፦ እሺ፣ ከጭሱ እንውጣና ወደ እኔ ቤት እንምጣ። ባትሪው አንስታይን ነው አልከኝ፤ ግን እርሳስ ባትሪ የተሠራው እሱ ሳይወለድ ነው። ሰው ሳያውቀውም ሠርቷል። በእናንተ እውቀት ምክንያት የተገኘ፣ እኔ ቤት የገባ ነገር አንድ አሳየኝ።

መምህሩ፦ ከራስዎ በላይ ያለው አምፖል። ድሮ የነበረው ባለ 60 ዋት አምፖል ከሚወስደው ኤሌክትሪክ 95 በመቶ ያህሉን ሙቀት አድርጎ ይጥለዋል። አሁን ያለው ኤልኢዲ በ9 ዋት ያንኑ ብርሃን ይሰጣል። ይህ በዘልማድ ሊገኝ አይችልም። ኤሌክትሮን በጠጣር ነገር ውስጥ እንዴት እንደሚኖር የሚያስተምረው የኳንተም ፊዚክስ ባይኖር ማንም ሊሠራው አይነሳም ነበር። ነጭ ብርሃን ለማግኘት የጎደለው ሰማያዊው ነበር፤ እሱን የፈለሰፉት ሦስት ጃፓን የተወለዱ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2014 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። በአንዲት ትንሽ የሶላር ሳህን ቤት ሙሉ መብራት የሚቻለው አምፖሉ ይህን ያህል ስለቆጠበ ነው። ሳህኗም ብትሆን፣ ብርሃን በቅንጣት በቅንጣት ተከፋፍሎ እንደሚመጣ አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1905 ከጻፈው ሐሳብ ውጭ አትገለጽም።

ባለሆቴሏ፦ ሶላሩን ካነሳህ፣ ለምን ምጣዴን አያሰማልኝም? እዚህ ቆላ አፋፍ ላይ ፀሐይ ሞልታለች።

መምህሩ፦ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎዋት ይፈልጋል። በእኩለ ቀን አንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው ፀሐይ 1 ኪሎዋት ገደማ ነው፤ ጥሩ ሳህን ከዚያ 20 በመቶውን ይይዛል። ስለዚህ ለአንድ ምጣድ 17 ወይም 18 ካሬ ሜትር ሳህን ያስፈልጋል፤ እሱም ቀትር ላይ፣ ደመና ሳይኖር።

ባለሆቴሏ፦ ነገ የተሻለ ሳህን ቢገኝስ? አንድ ሳህን መቶ በመቶ ቢይዝ?

መምህሩ፦ አሁን በተለመደው ዓይነት ከ33 በመቶ ግድም እንደማያልፍ እ.ኤ.አ. በ1961 በወጣው የስሌት መንገድ ታውቋል። ከብርሃን ቅንጣቶች ደካሞቹ ኤሌክትሮኑን አያነሱትም፣ ብርቱዎቹ ደግሞ ትርፋቸውን በሙቀት ይጥላሉ። ድርብርብ ሳህኖች ከዚህ ያልፋሉ፤ ዋጋቸው ግን ይወደዳል። ለምጣድ ዛሬ የሚያዋጣዎት ሌላ ነው። 1 ኪሎ ደረቅ እንጨት ከ4 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ጉልበት አለው፤ በሦስት ጉልቻ ሲነድ ከ10 እስከ 15 በመቶው ብቻ ነው ከላይ ያለው ዕቃ የሚያገኘው። ዙሪያው የተዘጋው ምርጥ ምድጃ እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። አንስታይን የለበትም፤ አየሩን መግታት ነው። እንደ እኔ ፍርድ ግን በዚህ ከተማ ለብዙ እናቶች ከአዲሱ ፊዚክስ ሁሉ ይልቅ ይህ የቆየው ይበልጥ ያገለግላቸዋል።

ባለሆቴሏ፦ ይህን ከመምህር አፍ መስማቴ ጥሩ ነው። አሁን ስለ ቀንጢቻ ማዕድን ንገረኝ። ለዓመታት ከዚያ የሚወጣውን ድንጋይ ሲጭኑ አይተናል።

መምህሩ፦ ታንታሉም ነው። ስልክዎ ውስጥ ኤሌክትሪክ እየያዘች የምትለቅ ከሩዝ የምታንስ ዕቃ አለች፤ ከእሱ ትሠራለች። ብዙ ኤሌክትሪክ በትንሽ ቦታ የሚይዘው በላዩ የሚበቅለው ሽፋን እጅግ ስስ በመሆኑ ነው። በዚያው ዐለት ውስጥ ሊቲየም አለ፤ የስልክና የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ የሚሠራበት። ጥቂት ዩራኒየምና ቶሪየምም አብረው ይገኛሉ።

ባለሆቴሏ፦ ታዲያ ታንታሉሙ ድንጋይ ሆኖ ይሄዳል፣ ስልክ ሆኖ ይመለሳል። የሄደበትን ዋጋና የተመለሰበትን ዋጋ አንተው አስላው። ቅድም «የሚከፈለው ለመሰብሰቡ ነው» ብለኸኝ ነበር። እዚህ ያለው ሰው የተበተነውን እየሰበሰበ ያው ድሃ ነው። ሕጉ ለወርቅ አጣቢው ለምን አልሠራም?

መምህሩ፦ ምክንያቱም ከመሰብሰብ በኋላ ሌላ ደረጃ አለ፤ የተሰበሰበውን ምን እንደሚሠራ አውቆ መሥራት። ዋጋው የተከማቸው እዚያ ነው። ያ ደረጃ ወደዚህ እንዲመጣ ከተፈለገ ተማሪዎቼ ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደ ጉድጓድ መውረዳቸው መቆም አለበት።

ባለሆቴሏ፦ አቋርጠው የሚወርዱት ሰነፍ ሆነው አይደለም። ፊዚክስ ተምሮ ሥራ ያጣውን ወንድማቸውን ስላዩ ነው። ለእነዚያ ልጆች መልስ ይዘሃል?

መምህሩ፦ ሙሉ መልስ አልያዝኩም። የማምነው አንድ ነገር አለ፤ ታንታሉምን ከዩራኒየሙ ለይቶ የሚያጠራ ቤተ ሙከራ ጉጂ ውስጥ ቢኖር የሚቀጥረው እነሱን ነው። ቤተ ሙከራው ስለሌለ ተማሪ የለም፣ ተማሪ ስለሌለ ቤተ ሙከራው አይመጣም። ከአንዱ ጫፍ መጀመር ግድ ነው፤ እኔ ባለሁበት ጫፍ ጀምሬያለሁ።

ባለሆቴሏ፦ ዩራኒየም ካልክ ደግሞ፣ መንግሥት የኒውክሌር ጣቢያ ሊሠራ ነው ሲባል በሬዲዮ ሰምቻለሁ።

መምህሩ፦ መስከረም 2018 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ ከሩሲያ ጋር የድርጊት መርሐ ግብር ተፈርሟል። ሕዳሴው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ማለት ነው።

ባለሆቴሏ፦ 5,150 ሜጋዋት ያለው ግድብ ተመርቆ ሳለ ይህ ለምን ያስፈልጋል?

መምህሩ፦ ግድብ ዝናብ ይጠብቃል፤ ዝናብ ሲያጥር ምን እንደሚሆን የቦረና ሰው ከማንም በላይ ያውቃል። የሚሰነጠቀው ዩራኒየም 1 ግራሙ ወደ 23 ሺህ ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይሰጣል፤ 5 ቶን ያህል ደረቅ እንጨት ማለት ነው። ጭስ የለውም፣ ደን አያስቆርጥም። እኔ ልደግፈው የምችለው ነገር ነው።

ባለሆቴሏ፦ ዝቃጩስ?

መምህሩ፦ መጠኑ ትንሽ ነው፤ ዕድሜው ግን ረጅም ነው። ከፊሉ ለብዙ ሺህ ዓመታት ይጠበቃል።

ባለሆቴሏ፦ ስማኝ፣ ልጄ። ሜርኩሪን ከጅረት ማራቅ ያቃተው ሥርዓት ነው የብዙ ሺህ ዓመት አደራ የምትሰጠው? ተፈጥሮ ትፈቅድ ይሆናል። እኔ የምጠይቅህ ስለ ተፈጥሮ አይደለም። ሲፈስ «ፈሰሰ» የሚል፣ ሲጎዳን «ጎድቷችኋል» የሚል ሰው አለን ወይ ነው።

መምህሩ፦ ይህ ጥያቄ ከጨረሩ ይበልጥ ያስፈራኛል። መልሱ ጣቢያው ከመሠራቱ በፊት መገኘት አለበት፤ ከሠሪው ያልተጠጋ፣ የለካውን ለሕዝብ የሚያነብ ተቆጣጣሪ። ግን ይህንንም ያስቡልኝ። ተቆጣጣሪው የሚያነበው ቁጥር ነው። ቁጥሩን የሚያውቅ ሰው በከተማው ከሌለ ማንም ያሻውን ቢያነብ ማን ያርመዋል? ጨረር በዓይን አይታይም። ያለ ፊዚክስ አይከሰስም፣ አይመሰከርበትም።

ባለሆቴሏ፦ ጥሩ ተናገርክ። እኔም ልጨርስ። ከጠዋት ጀምሮ ያልከኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ተፈጥሮ የከለከለችው ነው፤ ነጻ ጉልበት የለም፣ ቁስን እንዲሁ ጉልበት ማድረግ አይቻልም፣ ሳህኑ ገደብ አለው። ተቀብያለሁ። ሁለተኛው ተፈጥሮ የፈቀደችው፣ ሰው ግን ያላደረሰው ነው። ስለ መጀመሪያው ስትናገር አፍህ አይያዝም። ሁለተኛው ጋ ስንደርስ ቾክህን ታስቀምጣለህ። የገናሌ ግድብ ቅርባችን ነው፤ እኔ በጭስ እጋግራለሁ። ይህ የትኛው ሕግ ነው?

መምህሩ፦ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። ትራንስፎርመር ለየትኛው ሠፈር ይድረስ፣ መስመር መቼ ይጠገን የሚለውን ፊዚክስ አይወስንም። የማደርገው ነገር ቢኖር ቾኬን መልሼ አንስቼ ሒሳቡን መሥራት ነው። 254 ሜጋዋትን ለ3.5 ኪሎዋት ያካፍሉት። ጣቢያው በሙሉ አቅሙ ሲሠራ 72 ሺህ ምጣድ በአንድ ጊዜ የሚያሰማ ጉልበት ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው «አይቻልም» ሲሉት ከልካይዋ ተፈጥሮ አለመሆኗን ያውቃል።

ባለሆቴሏ፦ ያንን ለሹማምንቱ ብናገር፣ ኃይሉ የአገር ነው፣ ለእናንተ ብቻ አይደለም ይሉኛል። እውነትም አላቸው።

መምህሩ፦ እውነት አላቸው። ስለዚህ ቀድመው እርስዎ ይናገሩት፤ በመስመር ላይ የሚባክን አለ፣ ለሌላው አገር የሚሄድ አለ ይበሉ። ካላሉት ቁጥርዎን በዚያ ይጥሉብዎታል። ከዚያ የሚቀረው ጥያቄ ይህ ነው፦ ለዚህ ከተማ ምሽት ላይ የሚላከው ስንት ሜጋዋት ነው፣ ቆጣሪያችን ላይ የሚደርሰውስ ስንት? ሁለቱም የሚለኩ ናቸው።

ባለሆቴሏ፦ በወረቀት ጻፍልኝ፤ በአማርኛም በኦሮምኛም። ስብሰባ ላይ ይዤው እቆማለሁ። አንተ ደግሞ ያንኑ ጥያቄ ፈተና ላይ አምጣላቸው። ልጄ ያንን ሠርታ ከመጣች ፊዚክስ ተምራለች እላለሁ።